ጎፈር ሲሾሙ ሳይሆን ሲሰናበቱ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተፋጠጡት ሁለት ሠራዊቶች በቋንቋም በዓላማም አይገናኙም ነበር። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ወገን አናቱ ላይ ከእንስሳ የተወሰደ ምልክት አድርጎ ነው የመጣው። በጣሊያን በኩል የተሰለፉት በርሳሊዬሪ የሚባሉ ፈጣን እግረኞች፣ ክፍላቸው በ1836 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ መለያቸው የዱር ወፍ ጥቁር ላባ ነው፤ በቆባቸው ጎን ዘለላ አድርገው ይሰኩታል። የአልፒኒ ተራራ ወታደሮች መለያ ደግሞ አንዲት ቀጥ ያለች ላባ ናት። በኢትዮጵያ በኩል መኳንንቱና ስመ ጥር ጦረኞች የአንበሳ ጎፈር በግንባራቸው ዙሪያ አስረው፣ ለምድ ደርበው ይዘምቱ ነበር።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይነሣል። ጥይት ወደሚዘንብበት ሜዳ የሚሄድ ሰው ከሩቅ እንዲለይ የሚያደርገውን ነገር ለምን ራሱ ላይ ያስራል? የዛሬ ወታደር የሚለብሰው ቅጠልና አፈር መስሎ ለመደበቅ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ከ2 ሺህ በላይ ዓመታት ግን ጀግና የሚለብሰው ለመታየት ነበር።

ጥያቄው የሙዚየም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎፈሩ ከጦር ሜዳ ወደ መድረክ ከተዛወረ ቆይቷል። በአዳማ የስብሰባ አዳራሾች፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሻሸመኔ መድረኮች፣ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ አዲስ ለተሾመ ሰው ካባ ይደረብለታል፣ ጋሻና ጦር ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም ጎፈር ይደፋለታል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ገና ወር አልሞላውም። ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ፎቶው ይለጠፋል። ጎፈሩ ለምን ሥራ እንደተሰጠ የሚጠይቅ ግን የለም።

የራስ ጌጥ ታሪክ፣ ከሮም እስከ ስምጥ ሸለቆ፣ የሚያስተምረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ላባውም ጎፈሩም ከክብር ይልቅ ወደ ዕዳ ያደላሉ። የሚደፋው ሰው ሁለት ነገር ይፈርማል፤ አንደኛ "ያደረግሁት ይታወቃል"፣ ሁለተኛ "ብሸሽም ብወድቅም ታዩኛላችሁ"። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው የቲያትር ልብስ ነው።

ላባው ምን ይሠራ ነበር?

በጥንታዊው ዓለም የራስ ቁር ጌጥ የመጀመሪያ ሥራው ማስፈራራት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ፣ የሮም እግረኛ በራስ ቁሩ ላይ አንድ ክንድ የሚያህሉ ሦስት ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ላባዎች ይሰካ እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ሰውየው ቁመቱ እጥፍ መስሎ እንዲታይና ጠላት እንዲርድ ነው። ግሪኮች በበኩላቸው የፈረስ ጋማ ነበር የሚሰኩት። በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ የትሮይ ጀግና ሄክቶር ከጦርነት መሐል ወጥቶ ሕፃን ልጁን ሊያቅፍ ሲል፣ ልጁ ከራስ ቁሩ ላይ የሚወዛወዘውን ጋማ አይቶ ያለቅሳል። አባት ስቆ ቁሩን ያወልቅና መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። የጦር ጌጥ ቤት ሲገባ መውለቅ እንዳለበት ሰዎች ያኔም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ መታወቅ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የጻፈው ሮማዊው ቬጌቲየስ፣ የመቶ አለቆች የራስ ቁር ጌጥ ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከጆሮ ወደ ጆሮ አግድም ይቆም እንደነበር ይገልጻል። ዓላማው ወታደሩ በአቧራና በጩኸት መሐል አለቃውን እንዳያጣ ነው። ጌጡ አዛዡን ለወታደሩ ያሳያል፤ በዚያው ልክ ለጠላትም ያሳያል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የባላባቱ ፊት ሙሉ በሙሉ በብረት ሲሸፈን ጉዳዩ ባሰ። ወዳጁን ከጠላቱ የሚለየው ስላልነበር ከቁሩ አናት ላይ የቤተሰቡን ምልክት አቆመ፤ አንበሳ፣ ንስር ወይም ቀንድ፣ ከቀላል እንጨት፣ ከቆዳና ከጨርቅ የተሠራ። በተለይ በፈረሰኛ ግጥሚያዎች ላይ ጌጡ እየገዘፈ ሄደ። የጃፓን ጦረኞችም ከቁራቸው ፊት ለፊት ምልክት ያቆሙ ነበር፤ ሆንዳ ታዳካትሱ የተባለው ስመ ጥር የጦር አበጋዝ በትልልቅ የአጋዘን ቀንዶቹ ከሩቅ ይለይ ነበር። በ1590 እ.ኤ.አ. ኢቭሪ በተባለ ቦታ የተዋጋው የፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ደግሞ ነጭ ላባ ሰክቶ፣ ሰንደቃችሁ ቢጠፋባችሁ ይህን ላባ ተከተሉ ብሎ ሠራዊቱን እንዳዘዘ ይነገራል። ንጉሡ ለተከታዮቹ የሰጠው ምልክት ለጠላት ተኳሾችም ዒላማ ነበር።

ጎፈርና የፈረስ ስም

የአማርኛው ቃል ራሱ ነገሩን ያውቀዋል። "ቁንጮ" በልጅ አናት ላይ የሚተው ጸጉር ነው፤ የአገር ወይም የድርጅት የበላይም "ቁንጮ" ይባላል። አናት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይታያል፤ የሚታይ ሁሉ ይጠየቃል።

በኢትዮጵያ የጦር ባህል ሦስተኛው ሥራ፣ ማስረጃነት፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብድ ነበር። የአንበሳ ጎፈር፣ አንዳንዴም አንፋሮ የሚባለው የራስ ጌጥ፣ ከገበያ የሚሸመት ልብስ አልነበረም። አንበሳ የገደለ ወይም በጦርነት ጀብዱ የፈጸመ ሰው ያደርገዋል፤ ወይም ጌታው ይሸልመዋል። ከዘመቻ መልስ ጦረኛው በንጉሡ ወይም በአለቃው ፊት ግዳይ ጥሎ ይፎክራል። ፉከራ ዛሬ ጩኸት ብቻ ይመስላል፤ ያኔ ግን ቃለ መሐላ ያህል ነበር። የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ሲዘረዝር አብረውት የዋሉት ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። የዋሸ እዚያው ይዋረዳል።

የኢትዮጵያ ጦረኛ ፊት እንደ አውሮፓው ባላባት በብረት አልተሸፈነም። ስለዚህ የቤተሰብ ምልክት አናቱ ላይ ማቆም አላስፈለገውም። የመለየቱን ሥራ የፈረስ ስም ይሠራለት ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው። ታሪክ አጥኚዎች ይህን ልማድ ከኦሮሞ የፈረሰኛ ባህል ጋር አጥብቀው ያገናኙታል። ስሙ እንደ ላባ ነው፤ ልዩነቱ በዓይን ሳይሆን በጆሮ መታወቁ ነው። ባለ ፈረስ ስም ሰው ከጦር ሜዳ ቢሸሽ ስሙ ቀድሞት አገር ይደርሳል።

በቆላው ደግሞ የሰጎን ላባ ነበር። በአፋር፣ በኢሳና በልዩ ልዩ የኦሮሞ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጦረኛ ላባ በጸጉሩ ሲሰካ ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል። እዚህ ላይ ታሪኩን ማሳመር አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ላባው ሰው መግደልን ያሳይ ነበር። ማስረጃነቱ ከጭካኔ የጸዳ አልነበረም። በ1870ዎቹ በራስ ዳርጌ የተመራው ጦር አርሲ ላይ ሲዘምት፣ ጎፈር የደፋው ወገን ጠብመንጃ፣ የአርሲ ፈረሰኛ ደግሞ ጦርና ጋሻ ነበረው። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ ሂጦሳ የቆመው የአኖሌ ሐውልት የዚያ ዘመቻ ሕመም እስከ ዛሬ እንዳልሻረ ይናገራል። ዓድዋ ላይ ኩራት የሆነው ጎፈር፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሌላ ትዝታ ጌጥ ነው። በዚህ አካባቢ መድረክ ላይ ጎፈር የሚያስደፋ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢያደርገው አላዋቂነት ነው፤ እያወቀ ዝም ቢል ደግሞ ይብሳል።

የመታየት ዋጋ

ዓድዋ ላይ መታየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሁለቱም ወገን ሬሳ መስክሯል። ከጣሊያን አራት የብርጌድ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ተገደሉ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ። የአልፒኒውን ሻለቃ የመራው ሜኒኒም እዚያው ቀረ። ከኢትዮጵያ በኩል ፊታውራሪ ገበየሁና ደጃዝማች በሻህን ጨምሮ ስመ ጥር አዛዦች ከፊት ሆነው ወደቁ። የሁለቱ ወገን አዛዦች ሲዋጉ ይታዩ ነበር፤ የሞቱትም እየታዩ ነው። ጎፈሩን ለማድረግ መብት የሰጣቸውም ይኸው ነበር።

ከዚያ መትረየስና አውሮፕላን መጡ። በ1914 እ.ኤ.አ. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፈረንሳይ ከባድ ፈረሰኞች አሁንም የፈረስ ጋማ የተንጠለጠለበት የራስ ቁር አድርገው ነበር የወጡት፤ እንዳያብለጨልጭ ጨርቅ አለበሱት። በዓመቱ የብረት ቁር ለእግረኛው ተሰጠ። ከአናቱ ላይ የቀረችው ትንሽ የቆርቆሮ ጠርዝ ብቻ ነበረች።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት የተማረችው በ1928 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት በአዲስ አበባ ሰልፍ አሳይቶ ወደ ሰሜን ሊዘምት ሲል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነቱ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ለሠራዊቱ ነገሩት። ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ ተሰብስባችሁ አትሂዱ፣ ጥቂት ጥቂት ሆናችሁ ተደብቃችሁ ምቱ የሚል ምክር ነበር። ለዘመናት ለመታየት የለበሰ ሠራዊት በአንድ ቀን መደበቅን እንዲማር ተጠየቀ። ከሰማይ የሚወርደው ቦምብና የመርዝ ጋዝ ደግሞ ጎፈር ከባዶ ራስ አይለይም።

ቀጥሎ የሆነው ግን አስገራሚ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጫካ የገቡት አርበኞች ጸጉራቸውን አሳደጉ፤ ጎፈሬያቸው መለያቸው ሆነ። ጠላት እስኪወጣ ላለመላጨት የማሉ ነበሩ። ጎፈሬ ከራስ ላይ የሚበቅል ጎፈር ነው። የሚሸልመው ጌታ የለም፣ የሚሸጠው ነጋዴ የለም። የሚያድገው ጫካ በከረሙበት ልክ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ማስመሰል አይቻልም።

ጎፈሩ ራሱ ወደ ሥነ ሥርዓት ተዛወረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከናወነው የዘውድ በዓል የአውሮፓ ልዑካን ላባ በሰኩ ባርኔጣዎች ሲመጡ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኋላ ዘመናቸው በብዙ ፎቶግራፍ የሚታወቁበት የማዕረግ ባርኔጣ ላይ ከላባ ይልቅ የአንበሳ ጎፈር ነበር የተደረገው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር ግን የብረት ቁር ደፍቶ ነው የተዋጋው። ከጥንቱ ምልክት አብሮት የሄደው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር፤ ቃኘው።

ከስምጥ ሸለቆ የሚወሰድ ትምህርት

የራስ ጌጥ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ጌጡ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ወደ ትርዒት ወረደ ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ነገር ግን በኦሮሚያ አንድ ላባ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

በኦሮምኛ "ባሊ" የሰጎን ላባ ነው። በገዳ ሥርዓት ውስጥ ይኸው ቃል የሥልጣን ስም ሆኗል። ባሊ መረካከብ ማለት ሥልጣን መረካከብ ማለት ነው፤ በየ8 ዓመቱ፣ ሳይዘገይ። በ2017 ዓ.ም. በቦረና አሬሮ፣ ባዳሳ በተባለው ቦታ፣ 71ኛው አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ባሊን ለ72ኛው ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። ቁጥሩን 8 እጥፍ ያደረገ ሰው የዚህ ልማድ ዕድሜ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነ ይገባዋል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የገዳን ሥርዓት በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር እውቅና የሰጠው ለእንዲህ ያለው ልማድ ነው።

የባሊን ብልህነት ለማየት ከጎፈሩ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ጎፈር የአንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱ እስኪሞት ይኮራበታል፣ ልጁም "የአባቴ" ይለዋል። ባሊ ግን የማንም አይደለም። የሚቀበለው ሰው በሚቀበልበት ቀን የሚመልስበትን ዓመት ያውቃል። ከመቀበሉ በፊት ደግሞ በ8 ዓመት በ8 ዓመት የተከፈሉ እርከኖችን አልፎ፣ ሕጉን ተምሮ፣ ሕዝብ ፊት አድጎ ነው የሚመጣው። በሥልጣን ዘመኑ አጋማሽ ላይ የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮ፣ ይሰበሰባል፤ ጥፋት ካለ መሪውን የመሻር ሥልጣን አለው። የገዳይ ምልክት የነበረው ላባ በጊዜ የሚገደብና የሚጠየቅ አደራ ሆነ። ዓለም የራስ ቁር ጌጡን ወደ ሙዚየም ሲያስገባ፣ ይህ ማኅበረሰብ ወደ ሕግ አስገባው።

ለአዳማ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ በመተሐራና በፈንታሌ የሚኖሩት ከረዩዎች ገዳን ጠብቀው የኖሩ አርብቶ አደሮች ናቸው፤ የወጣቶቻቸው ጉንፉራ፣ ጎፈሬ መሰሉ የጸጉር አሠራር፣ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አዳማ ራሷ ትልቁን አዳራሿን ገልማ አባ ገዳ ብላ ሰይማለች። በአባ ገዳ ስም የተጠራ አዳራሽ ባላት ከተማ ውስጥ ክብርን አስቀድሞ መስጠት፣ ሥራን በኋላ መጠበቅ፣ የቤቱን ባለቤት ሕግ መርሳት ነው።

"ታዲያ ምን ይጎዳል?"

አንድ አንባቢ "በበዓል ቀን ጎፈር ቢደረግ ማንን ይጎዳል?" ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ በዓድዋ ቀን ጎፈር የደፋ ሕፃን፣ በኢሬቻ ቀን ፈረሱን አስጊጦ የሚመጣ ወጣት ማንንም አይጎዳም። ያንን የሚሠሩና የሚሸጡ ሰዎች እንጀራቸውን ይበላሉ። ዛሬ የሚሸጠው ጎፈር ከፍየል ቆዳና ከሰው ሠራሽ ጸጉር መሠራቱም መልካም ነው። አንበሳም በስምጥ ሸለቆ የነበረው ሰጎንም ቁጥራቸው ተመናምኗል፤ ለአንድ ፎቶ ሲባል እንስሳ መሞት የለበትም። ስለዚህ ክርክሩ ጌጡ ከምን ተሠራ በሚለው ላይ አይደለም።

ክርክሩ ጌጡ በማን ላይ፣ መቼ ተደረገ የሚለው ነው። ሁለት ዓይነት ሰዎች ጎፈሩን ያለ ዕዳው እየደፉት ነው። አንደኛው ገና ያልሠራ ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው በስልክ ካሜራ ፊት ጎፈር ደፍቶ የሌላውን ልጅ ዝመት የሚል ፎካሪ ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህች አገር ጦር ሜዳ የዋለው ወጣት አናቱ ላይ ላባ አልነበረውም። ጎፈሩ የነበረው ከግንባሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አንዳንዴም ባሕር ተሻግሮ ነው። በድሮው ሕግ ጎፈር የደፋ ሰው መጀመሪያ የሚተኮስበት ሰው ነበር። ዛሬ ከሁሉ በኋላም የማይተኮስበት ሰው ሆኗል። ምልክቱ ተገልብጧል።

ይህን ለማቃናት አዋጅ አያስፈልግም፤ ዝግጅት አሰናጆች፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ሽማግሌዎችና የመድረክ መሪዎች ሊጀምሩት ይችላሉ። መጀመሪያ፣ ካባና ጎፈር ሲሾሙ መስጠቱ ይቅር። ለተሿሚ የሚገባው የሥራ ዝርዝርና የሚመለስበት ቀን ነው። ቀጥሎ፣ ሽልማቱ ለስንብት ቀን ይቀመጥ። ሲሰጥም እንደ ድሮው ፉከራ ሥራው በስም ይዘርዘር፤ የተሠራው መንገድ፣ የተከፈተው ትምህርት ቤት፣ የተፈታው እርቅ ይነገር። የሚመሰክሩት ግን የበታች ሠራተኞች ሳይሆኑ አገልግሎቱን ያገኙ ሰዎች ይሁኑ። የሚነገር ሥራ ከሌለ መድረኩ ላይ ዝምታ ይኑር። በመጨረሻም፣ ጎፈር ለእንግዳ በስጦታ ሲሰጥ ታሪኩ ሙሉ ሆኖ ይነገር፤ ዓድዋም፣ አርሲም፣ ባሊም።

በዚህ መንገድ ብዙ ጎፈር መጋዘን ውስጥ አቧራ ሊጠጣ ይችላል። ይጠጣ። ሰው ከወንበሩ ሲነሣ በሰዓቱ ተነሥቶ፣ ሒሳቡን አስረክቦ፣ የሚመሰክርለት ሕዝብ ካገኘ፣ ያን ቀን አናቱ ላይ የሚያርፈው የፍየል ጸጉርም ቢሆን ከአንበሳ ጎፈር ይበልጣል።